ጆስ ላይ የተገኙት 11 ጥቅሎች፦ የጠፋ የቴሌቪዥን ድራማ ፍለጋና ማዳን (የጉዳይ ጥናት)

በኦክቶበር 2013 ቢቢሲ ለአርባ ዓመት ገደማ ጠፍተው የቆዩ ዘጠኝ የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎች መገኘታቸውን ይፋ አደረገ። የተገኙት ናይጄሪያ ውስጥ፣ ጆስ ከተማ፣ በአንድ የቴሌቪዥን ቅብብሎሽ ጣቢያ ዕቃ ቤት ነው። ባለቤቱ ለንደን ላይ ያጠፋውን ድራማ ያቆየው ቅጂው በመጨረሻ የደረሰበት ትንሽ ጣቢያ ነበር።

ጉዳዩን ለመመዝገብ ምክንያት የሆነን ፍለጋው የሄደበት መንገድ ነው። ድራማው እንዴት እንደጠፋ፣ ቅጂው በምን በኩል እንዳለፈ፣ የቱ ጥያቄ መልስ እንዳገኘና የቱ እንዳላገኘ በደንብ ይታወቃል። የድሮ የአማርኛ ፕሮግራም የሚፈልግ ሰው የሚገጥመውም ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። የሰዎች ስም ሆን ተብሎ ተትቷል። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ፦ ድራማው እንዴት ጠፋ

«ዶክተር ሁ» የቢቢሲ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ ነው። መታየት የጀመረው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ሲሆን እስከ 1969 ድረስ 253 ክፍሎች በጥቁርና ነጭ ተሠርተዋል። አንዱ ክፍል 25 ደቂቃ ገደማ ነው።

ያኔ ድራማ የሚቀረጸው 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው የቪዲዮ ቴፕ ላይ ነበር። ቴፑ ውድ ነው፤ ሲደመሰስ ደግሞ እንደ አዲስ ይቀረጽበታል። ከተዋንያን ማኅበር ጋር የነበረው ውል ድጋሚ ማሳየትን በጊዜና በክፍያ ይገድባል። ድራማን በካሴት ለቤት መሸጥ የሚባል ገበያ ገና አልተፈጠረም። ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ የጥቁርና ነጭ ድራማ ዋጋ ጭራሹን ወረደ። ስለዚህ ከ1967 ጀምሮ ቴፖቹ ተራ በተራ ተደመሰሱ። ከ1960ዎቹ ክፍሎች አንድም ዋና የቪዲዮ ቴፕ አልተረፈም።

ዛሬ የሚታየው ሁሉ ከፊልም ቅጂ የመጣ ነው። ቢቢሲ ድራማውን ለውጭ አገር ለመሸጥ የፊልም ካሜራ በልዩ ስክሪን ፊት አቁሞ ምስሉን ወደ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ይገለብጥ ነበር። የቪዲዮ ቴፕ ማጫወቻ ያልነበረው ወይም የቴሌቪዥን ምስሉ የሚሠራባቸው መስመሮች ቁጥር የተለየ የሆነ ጣቢያ ሁሉ ፊልም ማሳየት ይችላል። የሽያጭ ክፍሉም ፊልሞቹን የሚያስቀምጠው የመሸጥ መብቱ እስኪያበቃ ብቻ ነበር። ከ1972 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ብዙዎቹ ተጣሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ነው። የቢቢሲ የፊልም ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት ፊልም ሆኖ የተሠራውን ማስቀመጥ ነበር፤ በቪዲዮ የተቀረጸ ድራማ አይመለከተውም። የቴክኒክ ክፍሉ ቴፑን ሲደመስስ የፊልም ቅጂው ሽያጭ ክፍል አለ ብሎ ነው። ሽያጭ ክፍሉ ፊልሙን ሲጥል ዋናው ቴፕ ቴክኒክ ክፍል ይኖራል ብሎ ነው። ሁሉም የራሱን መመሪያ አክብሯል። ድራማውን በጠቅላላው እንዲያቆይ የታዘዘ ክፍል ግን አልነበረም። ይህ የተስተካከለው በ1978 የቴሌቪዥን ቤተ መዛግብት ኃላፊ ተሹሞ ያለውና የሌለው መቆጠር ሲጀምር ነው።

ችግሩ

በ2013 መጀመሪያ ላይ ከ253ቱ ክፍሎች 106ቱ የትም አልነበሩም። ከነሱ ውስጥ በ1967 መጨረሻና በ1968 መጀመሪያ የታዩ፣ እያንዳንዳቸው ስድስት ክፍል ያላቸው ሁለት ተከታታይ ታሪኮች ነበሩ፤ «ዘ ኤነሚ ኦቭ ዘ ወርልድ» (የዓለም ጠላት) እና «ዘ ዌብ ኦቭ ፊር» (የፍርሃት ድር)። ከመጀመሪያው 3ኛው ክፍል፣ ከሁለተኛው 1ኛው ክፍል ብቻ ተርፈው ነበር።

ጥያቄው «የት ጠፋ?» ከሆነ መልሱ ይታወቃል፤ ለንደን ላይ ተደምስሷል። የሚፈለገው ቅጂ ነው፤ ቅጂ ደግሞ መንገድ አለው። እያንዳንዱ የፊልም ቅጂ አንድ ቀን ተልኳል፣ አንድ ሰው ተረክቦታል፣ ከታየ በኋላ አንድ ነገር ተደርጓል። ፍለጋው ፍሬ የሰጠው ይህን መንገድ እግር በእግር በተከተሉት እጅ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የገዢዎች ዝርዝር ተሠራ። ድራማው በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድ፣ በእስያ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ ተሽጧል፤ ኢትዮጵያም ከገዢዎቹ መካከል ነበረች። ከዝርዝሩ ይልቅ ወሳኙ የውሉ አሠራር ነው። ገዢው ጣቢያ የማሳያ ጊዜው ሲያልቅ ከሦስት አንዱን ማድረግ ነበረበት፦ ፊልሙን ወደ ለንደን መመለስ፣ ቢቢሲ ወደሚያዘው ቀጣይ ጣቢያ መላክ፣ ወይም አጥፍቶ ማጥፋቱን በጽሑፍ ማረጋገጥ። ስለዚህ አንድ ቅጂ ከአገር አገር እየዞረ ይታይ ነበር። የመጨረሻው ተረካቢ ከሁሉ ይበልጥ ሊፈተሽ የሚገባው ነው፤ ከእሱ በኋላ ፊልሙን የሚጠብቅ ጣቢያ ስለሌለ ለመመለስ የሚያጣድፈው የለም። ከጆስ የተገኙት ቅጂዎች መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ሄደው ወደ ናይጄሪያ የተዛወሩ ናቸው።

ቀጥሎ ለጣቢያዎች ደብዳቤ ተጻፈ። በ1980ዎቹ የተጻፉት አንዳንዶቹ ሠርተዋል። ከቆጵሮስ ስድስት ክፍል ያለው የአንድ ታሪክ ቅጂ ተገኘ፤ ከስድስቱ 4ኛውና 5ኛው ግን በ1974ቱ ጦርነት ጠፍተው ነበር። ከናይጄሪያም በ1984 የሌሎች ታሪኮች ክፍሎች ተመለሱ። በ1992 ሆንግ ኮንግ ላይ አራት ክፍል ያለው ሙሉ ታሪክ ወጣ።

የናይጄሪያው መልስ አንድ ጉዳት ነበረው። በ1984 ፊልም ተገኝቶ ሲመለስ ናይጄሪያ «ተፈትሻለች» ተብላ ከብዙ ሰው ሐሳብ ወጣች። ናይጄሪያ ግን አንድ መጋዘን አይደለችም። በየከተማው ጣቢያ አላት፤ ፊልሙም ከጣቢያ ጣቢያ ይዞር ነበር። ዘጠኙ ክፍሎች የወጡት ከ1984ቱ መልስ 29 ዓመት በኋላ ከዚያው አገር ነው።

ሦስተኛው እርምጃ በአካል መሄድ ነበር። የጆሱን ቅጂ ያገኘው ሰው የአፍሪካ ጣቢያዎችን እየዞረ የፊልም ክምችታቸውን የሚመረምር የቤተ መዛግብት ባለሙያ ነው። ይህ አካሄድ ከደብዳቤ የሚበልጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ደብዳቤ የሚደርሰው ቢሮ ነው፤ ቢሮ ያለው ሰው የሚያየው መዝገብ ነው፤ ከ30 ዓመት በፊት ከመዝገብ የወጣ ፊልም ደግሞ ያለው መደርደሪያ ላይ እንጂ መዝገብ ውስጥ አይደለም።

ፊልሙ የታወቀው በመለያ ኮዱ ነው። አግኚው እንደተናገረው በቆርቆሮው ላይ ከተለጠፈው ፕላስተር አቧራውን ሲጠርግ መጀመሪያ የድራማውን ስም፣ ቀጥሎ የታሪኩን ኮድ አነበበ። ቢቢሲ ለእያንዳንዱ ታሪክ የምርት ኮድ ይሰጥ ነበር፤ የእነዚህ ሁለቱ «ፒፒ» እና «ኪውኪው» ናቸው። ርእስ በየአገሩ ይተረጎማል፣ ያጥራል፣ በስህተት ይጻፋል። ኮድ አይለወጥም። ፍለጋ የሚወጣ ሰው የርእስ ዝርዝር ብቻ ይዞ ከሄደ ፊልሙን በእጁ ይዞ ሊያልፈው ይችላል።

ከጆስ 11 ጥቅሎች መጡ። ሁለቱ ቀድሞ የተረፉት ክፍሎች ሌላ ቅጂ ነበሩ፤ ዘጠኙ አዲስ ናቸው። «የዓለም ጠላት» ሙሉ በሙሉ ተሟላ። የጠፉት ክፍሎች ቁጥር ከ106 ወደ 97 ወረደ።

ሳይመጣ የቀረው 3ኛ ክፍል

«የፍርሃት ድር» አልተሟላም። አግኚው እንደሚለው ፊልሞቹ መጀመሪያ ሲገኙ 3ኛው ክፍልም አብሮ ነበር። ፈቃድ ተጠይቆ፣ ድርድር ተካሂዶ ጭነቱ ሲነሳ ግን እሱ ብቻ ጎደለ። በመሃል ለግል ሰብሳቢ ተሽጧል ብሎ ያምናል። የጎደለው ክፍል ደግሞ ተመልካች በኋላ ለብዙ ዓመታት የወደደው የጦር መኮንን ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያለበት ነው።

የዚህ ጉዳይ ትልቁ ስህተት የሆነው በማግኘትና በመረከብ መካከል ባለው ጊዜ ነው። ፊልም ተገኘ ሲባል ዋጋ ያወጣል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አቧራ ከመልበስ በቀር ማንም ያልነካው ጥቅል በአንድ ሌሊት ሸቀጥ ይሆናል። ስለዚህ በተገኘበት ሰዓት መደረግ ያለባቸው ነገሮች አሉ። እያንዳንዱ ቆርቆሮ ክዳኑ፣ ፕላስተሩና የፊልሙ መጀመሪያ ፎቶ ይነሳል። ቁጥር ተሰጥቶት በዝርዝር ይጻፋል፤ ዝርዝሩን ጣቢያውም ፈላጊውም ይፈርሙበታል። የሚቻል ከሆነ ሁሉም በአንድ ሣጥን ታሽጎ ቁልፉ በአንድ ኃላፊ እጅ ይሆናል። ስለ ርእሱ ብርቅነት ከሚመለከተው ኃላፊ ውጪ ለማንም አይወራም። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን አይወስድም።

ጥቅሉ እጅ ከገባ በኋላ

የመጀመሪያው ምርመራ በአፍንጫ ነው። የዚያ ዘመን ፊልም አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው እየፈረሰ የአቼቶ አሲድ ያወጣል። አሲዱ ራሱ መፍረሱን ያፋጥነዋል። ቆርቆሮ ውስጥ ታፍኖ የቆየ ፊልም በራሱ አሲድ ይበላል፤ አጠገቡ ያለውንም ያስይዛል። ስለዚህ አቼቶ የሚሸተው ጥቅል ከሌሎቹ ተለይቶ አየር በሚያገኝ ቦታ ይቀመጣል። አዲስ አሲቴት ፊልም በ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ50 በመቶ እርጥበት ቢቀመጥ ሽታው እስኪጀምር 40 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሙቀቱ ሲጨምር ይህ ጊዜ በፍጥነት ያጥራል። የጆስ ፊልሞች በመልካም ሁኔታ መገኘታቸው አያስገርምም፤ ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አምባ ላይ የተቀመጠች ነፋሻ ከተማ ናት። ያው ፊልም በሞቃታማ የወደብ ከተማ ቢቀመጥ ኖሮ ሌላ ታሪክ እንጽፍ ነበር።

አፍንጫ የማይደርስበትን የአሲድ መለኪያ ወረቀት ይለየዋል። ወረቀቱን በተዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ በክፍል ሙቀት ለ24 ሰዓት ማስቀመጥ ነው፤ ሰማያዊ ከቆየ ጤነኛ ነው፣ ወደ አረንጓዴ ከሄደ ተጀምሯል፣ ቢጫ ከሆነ ሳይውል ሳያድር መቀዳት አለበት።

ሁለተኛው ምርመራ መኮማተር ነው። ፊልም ሲያረጅ ያጥራል። በአዲስ የ16 ሚሊ ሜትር ቅጂ ከአንዱ የጠርዝ ቀዳዳ እስከሚቀጥለው 7.62 ሚሊ ሜትር ነው፤ 100 ፍሬም (አንድ ፍሬም አንዱ ነጠላ ምስል ነው) ስለዚህ 762 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፊልሙን ሳይጎትቱ ከብረት ማስመሪያ ጎን ዘርግቶ 100 ፍሬም መለካት በቂ ነው። 754 ወይም ከዚያ በታች ከመጣ ከ1 በመቶ በላይ አጥሯል። እንዲህ ያለ ፊልም ጥርስ ባለው ማሽን ላይ አይወጣም። የማሽኑ ጥርስ ከቀዳዳው ጋር ስለማይገጥም ጠርዙን እየቀደደ ይሄዳል። ፊልም አግኝቶ «እስቲ ልየው» ብሎ ፕሮጀክተር ላይ መጫን ብዙ ብርቅ ቅጂ አበላሽቷል። በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም።

ሦስተኛው በእጅ ማጠንጠን ነው፤ ቀስ ተብሎ፣ የጥጥ ጓንት ተለብሶ፣ በሁለት ጣት ጠርዙ እየተዳሰሰ። የተቀደደ ቀዳዳና የላላ መጋጠሚያ በጣት ይታወቃሉ። የድሮ የማጣበቂያ ፕላስተር ሙጫው ይፈስና አጠገቡ ያለውን ፍሬም ይይዛል፤ በአዲስ የፊልም ፕላስተር መተካት አለበት። በዚሁ ጊዜ በፊልሙ ጠርዝ ላይ ያሉ ምልክቶች ይመዘገባሉ። የፊልም አምራቹ ኮዳክ በክብ፣ በአራት ማዕዘንና በሦስት ማዕዘን የተሠራበትን ዓመት ያትም ነበር፤ ምልክቶቹ በየ20 ዓመቱ ይደጋገማሉ። ከዚህ ቅጂው መቼ እንደታተመ፣ ስለዚህም ከየትኛው ሽያጭ እንደመጣ መገመት ይቻላል። ዝገት የበላው ቆርቆሮ እንኳ ክዳኑ ፎቶ ሳይነሳ አይጣል። ቀጣዩ ፍለጋ የሚጀምረው ከላዩ ካለው ጽሑፍ ነው።

ከዚያ ስካን ይደረጋል። ለእንዲህ ያለ ፊልም ጥርስ የሌለው፣ በጎማ ሮለር የሚስብ ስካነር ይመረጣል። ጭረት ከበዛበት ፊልሙን በፈሳሽ ውስጥ እያሳለፈ የሚያነብ መሣሪያ አለ። ፈሳሹ በፕላስቲኩ ጀርባ ያለውን ጭረት ሞልቶ ከእይታ ያጠፋዋል። ምስሉን የያዘውን ንጣፍ ቆርጦ የገባ ጭረት ግን በዚህ አይድንም፤ እሱ ፍሬም በፍሬም በእጅ የሚታረም ነው።

የሥራውን ስፋት ለማወቅ ቀላል ስሌት ይበቃል። 25 ደቂቃ በሰከንድ 25 ፍሬም 37,500 ፍሬም ነው። 16 ሚሊ ሜትር በአንድ ጫማ 40 ፍሬም ስለሚይዝ አንዱ ክፍል 937 ጫማ ተኩል፣ ወደ 286 ሜትር ይሆናል፤ በአንድ ጥቅል ይገባል። በ2ኬ ጥራት፣ በ10 ቢት፣ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ አንዱ ፍሬም 12.7 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ሙሉው ክፍል ወደ 480 ጊጋባይት። ዘጠኝ ክፍል ከ4 ቴራባይት ያልፋል። ለአንድ ተቋም ይህ ብዙ አይደለም። ለአንድ ግለሰብ ግን ሳያቅዱ መጀመር ግማሽ ላይ ያስቆማል።

ስካኑ ከፍሬሙ ወጣ ብሎ ጠርዙንም፣ የድምፁንም መስመር ቢይዝ ይመረጣል። የዚያ ዘመን የሽያጭ ቅጂ ድምፅ ብዙውን ጊዜ በጠርዙ ላይ እንደ ሞገድ የታተመ የብርሃን መስመር ነው። ማግኔት ድምፅ ያለው ፊልም ከተገኘ ቅድሚያ ይሰጠው፤ በላዩ ያለው የብረት ዱቄት የአቼቶውን ፍርሰት ያፋጥናል።

በመጨረሻ እድሳት ይመጣል። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸው ቪዲዮ በሰከንድ 50 ጊዜ ይታደስ ነበር፤ ወደ ፊልም ሲገለበጥ ወደ 25 ወረደ። የቢቢሲ አዳሾች ቪድፋየር በሚባል ዘዴ በሁለት ፍሬሞች መካከል ያለውን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር አስልተው ወደ 50 ይመልሱታል። ተመልካቹ በ1968 ያየውን የስቱዲዮ ሕይወት ያገኛል። ውጤቱ ግሩም ነው። ሆኖም የሚቆየው ያልታደሰው ጥሬ ስካን መሆን አለበት። የዛሬ እድሳት የዛሬ እውቀት ነው። ጥሬው ካለ ነገ የተሻለ ይሠራል፤ ከሌለ ዛሬ የተሠራው ስህተት ለዘላለም ይቀመጣል።

ምስል ባይገኝስ

ይህ ድራማ ከሌሎች ዕድለኛ የሆነበት አንድ ነገር አለ። ምስላቸው የጠፋ ክፍሎች ሁሉ ድምፃቸው አለ። በ1960ዎቹ ጥቂት ወጣት ተመልካቾች በየቤታቸው የቴፕ መቅጃ ቴሌቪዥኑ ፊት አድርገው፣ አንዳንዶቹም በሽቦ አገናኝተው ድምፁን ቀድተዋል። ከተለያዩ ሰዎች የመጡ ቅጂዎች አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ግን ፍጥነታቸው አይገጥምም። መቅጃው 1 በመቶ ቢፈጥን በ25 ደቂቃ ውስጥ 15 ሰከንድ ይዛነፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍጥነት ይስተካከላል፤ መቀጣጠል ከዚያ በኋላ ነው።

ፎቶም አለ። አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በሙያው የቴሌቪዥን ስክሪን ፎቶ እያነሳ ለዳይሬክተሮችና ለተዋንያን ይሸጥ ነበር፤ ከአንድ ክፍል ከ60 በላይ ፎቶ የሚያነሳበት ጊዜ ብዙ ነው። ያልተጠበቀው ምንጭ ሳንሱር ነው። የአውስትራሊያ ሳንሱር ለልጆች ያስፈራል ያለውን ትዕይንት ከፊልሙ ቆርጦ ቁራጩን ከማኅደር ጋር አስቀመጠ። በ1996 እነዚህ ቁራጮች በአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተገኙ። ሙሉው ክፍል ጠፋ፤ እንዳይታዩ የተከለከሉት ጥቂት ሰከንዶች ግን ተረፉ።

ድምፁና ፎቶው ሲገጣጠሙ የሚታይ ነገር ይሆናሉ። የ«ፍርሃት ድር» 3ኛ ክፍል መጀመሪያ በፎቶና በድምፅ፣ በ2021 ደግሞ በአኒሜሽን ቀርቧል። አኒሜሽን ግን ምትክ ነው፤ የተዋናዩ ፊት አይደለም። ተሠራ ተብሎ ፍለጋ መቆም የለበትም።

ያልሠራው

ወሬ ጎድቷል። በ2013 ከማስታወቂያው በፊት የጠፉት ክፍሎች ሁሉ ሊባል በሚችል መጠን ተገኝተዋል የሚል ወሬ ተናፈሰ። ወሬው ለማንም አንድ ፍሬም አላመጣም። በየጣቢያው ያሉ ሰዎች እጃቸው ላይ ያለው ነገር ብዙ ገንዘብ ያወጣል ብለው እንዲያስቡ ሲያደርግ፣ ዘጠኝ ክፍል መገኘቱን የሰማውን ሕዝብ ደግሞ በደስታው ቀን አሳዘነ።

የግል ሰብሳቢዎችን በሕግ ማስፈራራትም አይሠራም። ፊልሙ በመጀመሪያ የጣቢያ ንብረት ስለነበር ብዙዎቹ ይወሰድብኛል ብለው ይደብቁ ነበር። በር የከፈተው ሌላ አካሄድ ነው፤ ፊልሙን ለጊዜው ተውሶ፣ ቀድቶ፣ ለያዘው ሰው መመለስ። በ2011 የተገኙ ሁለት ክፍሎች የመጡት ከአንድ ጡረታ የወጣ የቴሌቪዥን መሐንዲስ ነው። በ1980ዎቹ በትምህርት ቤት ባዛር ገዝቶ፣ የጠፉ መሆናቸውን ሳያውቅ ከ20 ዓመት በላይ አስቀምጧቸዋል። የጠፋው ነገር ዝርዝር በየቦታው ታትሞ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ቀደም ብሎ ይመጣ ነበር።

የአማርኛ ፕሮግራም ለሚፈልግ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከጆስ ጉዳይ በቀጥታ የሚወሰደው ይህ ነው፦ ዋናው ጣቢያ «የለም» ካለ ፍለጋው ገና መጀመሩ ነው። ቅጂ የሚኖረው በተላከበት ነው፤ የክልል ቅርንጫፍ፣ ኤምባሲ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ የተዋናዩ ቤተሰብ፣ ውጭ አገር ያለ የማኅበረሰብ ማዕከል፣ ካሴት ያከራይ የነበረ የሐበሻ ሱቅ። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የታየበትን ቀን፣ የተዋንያኑን ዝርዝርና የመክፈቻ ሙዚቃውን መግለጫ የያዘ አንድ ገጽ አዘጋጅቶ መሄድ ያስፈልጋል፤ በካሴት ጀርባ ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ «ድራማ፣ ፋሲካ» ብቻ ነው።

የት መጀመር እንዳለበት የሚወስን አንድ ቴክኒካዊ ነገር አለ። በካሴት ዘመን የኢትዮጵያ ሥርጭት ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ነበር፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ የሚባለው ነበር፤ 525 መስመር፣ በሰከንድ 30 ገደማ። ወደ አሜሪካ የሄደ ካሴት በብዛት ተቀይሮ የተቀዳ ነው። በመቀየሩ መስመር ይጠፋል፣ እንቅስቃሴውም ይደራረባል፤ ይህ ጉዳት በኋላ አይመለስም። ስለዚህ ያው ድራማ በሁለቱም በኩል ካለ መጀመሪያ የሚፈለገው ፓል ይጠቀሙ በነበሩ አገሮች፣ በእስራኤል፣ በአብዛኛው አውሮፓና በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለው ነው። የአሜሪካው አይጣል፤ የጎደለ ደቂቃ የሚሞላው እሱ ሊሆን ይችላል። ስንተኛ ቅጂ እንደሆነ በቀለሙ ይታወቃል። በቪኤችኤስ ከካሴት ወደ ካሴት በተቀዳ ቁጥር ቀለሙ ከቅርጹ እየወረደ ይሄዳል፤ የተዋናይዋ የከንፈር ቀለም አገጯ ላይ ከታየ ብዙ እጅ አልፏል።

ለመቅዳት በኤስ-ቪዲዮ (ብርሃኑንና ቀለሙን ለየብቻ በሚያስተላልፍ መሰኪያ) የሚያወጣ ጥሩ ማጫወቻና የምስሉን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ታይም ቤዝ ኮሬክተር ያስፈልጋል። ፓል በ720 በ576 ይቀዳል፤ ተራ በተራ የሚታዩት የምስሉ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር መስመሮች (ኢንተርሌስ) እንዳሉ ይቆዩ እንጂ ሲቀዱ አይዋሐዱ። ሳይጨመቅ በሰዓት 75 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ኤፍኤፍቪ1 በሚባለው ምንም በማያጎድል አጨማመቅ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ማስታወቂያውም፣ ዜናውም፣ ባዶው መጨረሻም ሳይቆረጥ ይቀዳ፤ ድራማው የታየበትን ቀን የሚያሳውቀው ብዙ ጊዜ ከኋላው ያለው ዜና ነው። ፋይሉ እንዳለቀ የቼክሰም ቁጥሩ (በኋላ ፋይሉ እንዳልተለወጠ የሚረጋገጥበት ቁጥር) ተሰልቶ አብሮ ይቀመጣል፤ ሦስት ቅጂ ተደርጎ አንዱ በሌላ ከተማ ይኖራል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ካሴቱ ገና እጅ ሲገባ በመስኮቱ በኩል ጥቅሉን ማየት ነው። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ለብቻው ይቀመጥ፣ ማጫወቻ ውስጥ አይግባ። ንጹሕ ከሆነ በካሴቱ ጀርባ በኩል በስተግራ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ትሰበር። እሷ ከሌለች ማንም ተሳስቶ የመቅጃውን ቁልፍ ቢጫን በላዩ አይቀረጽበትም። ከዚያ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ አጠንጥኖ፣ ወደ መጀመሪያው መልሶ፣ መቅዳት ይጀመራል።